የራሱ ነው?

«ሞተሩ የራሱ ነው?» አለኝ በስልክ ገዢው፣
ሚስተር ሃልቨርሰን፣ ድምፁ ቀዝቀዝ ያለው።
«ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የተሠራው?
ቁጥሩን አይተህ ንገረኝ፤ በዚያ ነው ዋጋው።»

የአባቴ የዋሲል ፒክአፕ፣ የሃምሳ አንድ ሞዴል፣
ሳስካችዋን ውስጥ፣ ከስንዴ ጎተራችን ጥግ፣
ጎማው መሬት ጠጥቶ፣ ቆሟል ሳይንቀሳቀስ።
ወጣሁ በማለዳ፤ ቺያቤ፣ ካቻቪቴ፣ የናፍጣ ጣሳ፣
ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣
ጠመኔም ከእህቴ ከስቴፋ የአስተማሪ ቦርሳ።

ኮፈኑን አነሣሁ። አይጥ ቤት ሠርታበታለች።

ካርቡራተሩ አይደለም፤ በካታሎግ ታዞ በፖስታ የመጣ።
ዲናሞው ነው፤ የናስ ምልክቱ ከነሚስማሩ አለ።
የውሃ ፖምፓው ከኮምባይነር የተነቀለ፣
ሦስት ቡሎን በሰላም፣ አራተኛው በመዶሻ የገባ።
አባቴ እንዲህ ነበር፤ ያልገጠመውን ብረት ቀጥቅጦ ያስማማል፤
ለሰው የሚሆን መዶሻ ግን አልነበረውም።

ቴስታታውን ጠረግኩ። አሃዙ ከመዝገቡ ጋር አንድ።
«ራሱስ የራሱ ነው» ብዬ ጻፍኩ በወረቀት።

ከዚያ ወደ ብሎኩ፣ ከዲስትሪቢዩተሩ ጀርባ፣
ስልሳ ዓመት የጋገረው ዘይትና ገለባ።
ጠመኔውን በጎኑ አስተኝቼ ፈተግኩት፣
ነጭ ሆኖ ብቅ አለ፤ በባትሪ አነበብኩት።
«ኬ»። ሃያ ሦስት። ሦስት።
ፊደሉ ወሩ ነው፣ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ የዓመቱ ጅራት።
የሃምሳ ሦስት ኖቬምበር የፈሰሰ ብረት
እንዴት ብሎ ገባ ከሃምሳ አንዱ ደረት?

በጥፍሬ ፋቅኩት። ከግራጫው ቀለም ሥር
ቀይ። የትራክተር ቀይ።
በሠፈሩ ሞተር ቀይ የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አጎቴ ሜትሮ።
ሁለት ሜትር መሬት ሜትሮን አስከፈለን፤
አንድ የአጥር እንጨት፣ ወዲህ ነው ወዲያ በሚል።
በቤተ ክርስቲያን እንኳ በአንድ ወንበር ጫፍና ጫፍ፣
አንድ መዝሙር እየዘመሩ፣ ሳይተያዩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

የሱም ፒክአፕ ነበረች፣ ከጓሮው አረም የዋጣት።
ድብብቆሽ ስንጫወት ኮፈኗን ከፍቼ እገባ ነበር፤
ሞተር መኖር ባለበት ጉልበቴን አቅፌ፣
ማንም ሳያገኘኝ፣ ሰማይ በስንጥቅ እያየሁ።
ልብ በሌላት መኪና ውስጥ፣ ልብ ሳልል አደግኩ።

ስቴፋ የተወለደች ጊዜ ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ ነበር።
አባቴ ውሃውን ሳያፈስ አደረ፤
ብሎኩ እንደ ማሰሮ ተሰነጠቀ።
«መኪናው ታሞ ነበር» ትለን ነበር እናቴ፣
«በሦስተኛው ቀን ዳነ፤ ሐኪም ቤት ደረስኩ በሱ።»
ማን አዳነው ያላት የለም።

ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ብረት
አንድ ሰው ብቻውን አያነሣም።
ያን ሌሊት ጎተራ ውስጥ፣ በሰንሰለትና በፋኖስ፣
ሁለት ሰዎች ነበሩ።
ሌላው ቢቀር «ያዝ» ተባብለዋል።
ሌላው ቢቀር «ልቀቅ»።

ከዚያ አባቴ ግራጫ ቀባበት።
ሰው ሆድ ይፍጀው ይላል፤ እሱ ኮፈን ይፍጀው አለ።

ስልኩ ጮኸ። «እሺ?» አለ ሃልቨርሰን።
«ራሱ የራሱ ነው» አልኩት፣ «ልቡ የወንድሙ።»
ጥቂት ዝም አለ።
«እንግዲያው ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ
ሺ ሁለት መቶ ዶላር ቀነሰ። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ስቴፋ መጣች፣ ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ።
ምንም ሳልላት ባትሪውን ሰጠኋት።
ጎንበስ አለች፣ አነበበች፣ ቀይዋን ቁራጭ ቀለም በጣቷ ነካቻት።
ቆየች። በጣም ቆየች።
ቀና ስትል አፍንጫዋ ላይ ዘይት።

«ምን ልበለው ሰውዬውን?» አልኳት።
«መጀመሪያ» አለች፣ «ጠመኔዬን መልስ።»